እናትሽ ጠበል ሄዳለች

ጡረታ በወጣሁ ዕለት የሥራ ባልደረቦቼ በመስታወት ያስገጠሙትን ትልቅ ፎቶግራፍ ሰጡኝ። ከየትኛው መዝገብ ቤት፣ ከየትኛው ሣጥን ሥር እንዳወጡት እግዜር ይወቀው። ርእሰ መምህሩ ልጅ እግር ነው፤ ፎቶው ሲነሣ እናቱም አላገባችም ነበር። ከፍ አድርጎ ለአዳራሹ እያሳየ፣ “መምህርት ደብሪቱ በጃንሆይ ዘመን፣ ቢቸና ላይ፣ አንዲት የአምስት ዓመት ሕፃን በአራት ወር ፊደል አስቆጥረው በኢንስፔክተር ፊት የተመሰገኑበት ዕለት ነው” አለ። ተጨበጨበ። ንግግር ያድርጉ ሲሉኝ “እግዜር ይስጥልኝ” ብዬ ተቀመጥኩ።

ይሄ ጽሑፍ ያን ዕለት ማድረግ የነበረብኝ ንግግር ነው። ዘግይቷል፤ እኔ መናገር ያለብኝን ነገር ሁሉ ሳዘገይ ነው የኖርኩት።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ያስተማርኩት ገና አንደኛ ክፍል ያልደረሱ ሕፃናትን ነው። ሰው ሥራሽ ምን ነበር ሲለኝ ይህን ስነግረው ፈገግ ይላል። “ከልጅ ጋር ስትጫወቺ ኖርሽ በይኛ!” ይለኛል። አዎ፣ ስጫወት ኖርኩ። እናቱን የቀበረ፣ ወይም አባቱ ሰክሮ ሲገባ አልጋ ሥር የሚደበቅ የአራት ዓመት ልጅ ጠዋት መጥቶ ቀሚስሽን ጨምድዶ ሲይዝ እስቲ ተጫወቺና እዪው።

አሁን አሁን ነገሩ ስም አግኝቷል። ጡረታ ልወጣ ስል ከባሕር ዳር አንዲት አሠልጣኝ መጥታ ስለ ሕፃናት ማኅበራዊና ስሜታዊ ድጋፍ ሦስት ቀን አሠለጠነችን። ጨዋ ልጅ ናት፤ አልተቀየምኳትም። ከልጁ ጎን ተቀመጡ፣ አታልቅስ አትበሉት፣ ሐዘኑን በስሙ ጥሩለት ስትል ግን መጻፌን አቆምኩ። ይሄን ሁሉ ቢቸና ላይ አንዲት መነኩሲት በአንድ እንዝርት ይሠሩት ነበር። የደሞዝ መዝገቡ ላይ የተጻፉት “ጽዳት” ተብለው ነው።

ቢቸና የተመደብኩት አዲስ አበባ የስድስት ወር ኮርስ ጨርሼ ነው። ትውልዴ ደብረ ማርቆስ ስለሆነ ለሀገሩ እንግዳ አልነበርኩም፤ ለሥራው ግን ነበርኩ። ዕድሜዬ ሃያ አንድ ነው፤ ጫማዬ ተረከዝ አለው፤ ሰርተፊኬቴ በፕላስቲክ ተጠቅልሏል። ትምህርት ቤቱ ለትንንሾቹ የከፈተው አንድ የፊደል ክፍል ነበር። ወለሉ አፈር፣ መቀመጫው ድንጋይ ላይ የተጋደመ ግንድ፣ ግድግዳው ላይ ያለው አንድ የፊደል ገበታ ብቻ። ልጆቹ አርባ ያህል ናቸው፤ የካህን ልጅ አለ፣ የዳኛና የፖሊስ ልጅ አለ፣ ከሩቅ ሀገር የተመደበ የጤና ረዳት ልጅም አለ።

ዳይሬክተሩ አቶ ወርቅነህ ከሸዋ የመጡ፣ ከረባታቸውን በገበያ ቀን እንኳ የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ክፉ አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ንዴቴ በቀለለኝ። ለእሳቸው ትምህርት ማለት ለበላይ የሚታይ ነገር ነው። ልጅ ፊደል ሲቆጥር ይታያል፤ ልጅ ውስጡ ሲያለቅስ ግን ኢንስፔክተር አያየውም። ስለዚህ ፊደሉን አጥብቀው ይዘው ሌላውን ለእግዜር ትተውት ነበር።

እማሆይ ወለተ ሥላሴ ግቢውን ይጠርጋሉ፣ በር ይከፍታሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ። ባላቸውንና ሦስት ልጆቻቸውን በአንድ ክረምት ቀብረው የመነኮሱ ሴት ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት አርባው ልጅ በአንድ ድምፅ ሲያለቅስብኝ፣ ኮርሱ ላይ እንደተማርኩት እጄን እያጨበጨብኩ መዝሙር አስጀመርኩ። የባሰ ጮኹ። እማሆይ መጥረጊያቸውን ደጅ አስቀምጠው ገቡና ከሁሉም የበለጠ የምታለቅሰው ልጅ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ፊት ለፊቷ አይደለም፤ ጎኗ ሆነው፣ እሷ ወደምታይበት ወደ በሩ እያዩ። እንዝርታቸውን አውጥተው መፍተል ጀመሩ። ጥቂት ቆይተው ፍሬው ያልወጣለት አንድ እፍኝ ጥጥ ጭኗ ላይ አኖሩላት። ልጅቷ እያለቀሰች ፍሬውን በጣቷ ትለቅም ጀመር። እንባው ቀስ በቀስ ቀነሰና “እማዬ ትመጣለች?” አለች። “ፀሐይዋ አናታችን ላይ ስትደርስ ትመጣለች” አሏት። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ስትደርስ እናትዬዋ መጣች። ለካ እማሆይ ጠዋት በር ላይ ቀጥረዋት ኖሯል።

“እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል” ይሉ ነበር። አታልቅስ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። የማያደርጉትን ነገር ነገ አደርጋለሁ ሲሉም አልሰማሁም። ልጅ ከጠየቃቸው የጠየቀውን ያህል ይመልሳሉ፤ ትርፉን ለራሳቸው ይይዙታል። አንድ ቀን አንዱ ልጅ ውሻው እንደሞተ ነገራቸውና “የት ሄደ?” አላቸው።

“መሬት ውስጥ ነው።”

“ይበርደዋል?”

“አይበርደውም። የሞተ አይበርደውም።”

ልጁ “እህ” ብሎ ወደ ጨዋታው ሄደ። እኔ ብሆን ስለ ገነት ግማሽ ሰዓት አወራለት ነበር።

ማንጠግቦሽ ወደ ክፍሌ የመጣችው ከጥምቀት በኋላ ነው። የግራዝማች አድማሱ የልጅ ልጅ ናት፤ ግራዝማች በከተማው የሚፈሩም የሚከበሩም ሽማግሌ ነበሩ። እናቷ በወሊድ የሞተችው በገና ሰሞን ነው። ቀብሩና ለቅሶው እስኪያልፍ ልጅቷን ደብረ ወርቅ አክስቷ ዘንድ አቆዩዋት። ስትመለስ ድንኳኑ ተነሥቷል፤ የእናቷ አልጋም ከቤት ወጥቷል። “እናትሽ ጠበል ሄዳለች፤ ስትድን ትመጣለች” አሏት።

በእኛ ሀገር ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ለአዋቂ መርዶ ሲነገር ወግ አለው፤ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ማልዶ ይኬዳል፣ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ ይቆማል። ለልጅ ግን ይሄ ሁሉ የለም። ልጅ ምን ያውቃል፣ ይረሳዋል ይባላል። ልጅ ምን ያውቃል! ይህን ያለውን ሰው ባገኘው ጆሮውን ነበር የምጎትተው።

ማንጠግቦሽ ያወቀችውን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ሳምንት “እትዬ፣ እማዬ ጠበል ከሄደች አያቴ ለምንድን ነው ከል የለበሱት?” አለችኝ። እኔ የተማርኩት ሴት “ነጩ ቆሽሾባቸው ነው” አልኳት። ከምሳዋ ዳቦ ግማሹን በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች። ለማን ነው ስላት “ጠበል የሄደ ሰው ይርበዋል” አለች። ማታ ዳቦው ይደርቃል፣ ለዶሮ ይሰጣል፣ በማግስቱ ደግሞ ሌላ ትቋጥራለች።

ግራዝማች ራሳቸው ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። “ልጄ፣ አደራሽን፣ አፍሽ እንዳያመልጥሽ። ልቧ ይሰበርብኛል” አሉኝ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ልጃቸውን የቀበሩ አባት ናቸው። እሺ አልኳቸው። ዝም ብል እንኳ ባነሰ፤ እኔ ግን ከቤተሰቡ ውሸት ላይ የራሴን ጨመርኩበት።

የካቲት ውስጥ መብላት ተወች። ክፍል ውስጥ ገበታውን አታይም፤ የምታየው በሩን ነው። አቶ ወርቅነህ ደግሞ ግንቦት ላይ ከደብረ ማርቆስ ኢንስፔክተር ስለሚመጣ ፊደል የሚቆጥር ልጅ አዘጋጂ ብለውኛል። አንድ ቀን ከግንዱ ወርዳ መሬት ላይ ተኛችና አልነሣም አለች። ተንበረከክሁና እንዲህ አልኳት፤ “ማንጠግቦሽ፣ ከሀ ጀምረሽ እስከ ፐ ስትጨርሺ እናትሽ ትመጣለች።”

ከአፌ እንዴት ቀልሎ እንደወጣ! ቀና ብላ አየችኝ።

“እስከ ፐ ብቻ?”

“እስከ ፐ ብቻ።”

ተነሥታ ዳቦዋን በላች። እኔም ዘዴ ያገኘሁ መስሎኝ በወሩ ሪፖርት ላይ “ማበረታቻ” ብዬ ጻፍኩት። እማሆይ በር ላይ ሆነው ሰምተው ኖሯል፤ ልጆቹ ሲወጡ ገቡ።

“ደብሪቱ፣ ምን አልሻት?”

“እንድትበላ ብዬ ነው፣ እማሆይ።”

“ልጅቱ ፊደሉን ትጨርሰዋለች እኮ።”

“እስከዚያ ትረሳዋለች።”

“አንቺ ብትሆኚ ትረሺው ነበር?”

“እኔ ትልቅ ሰው ነኝ።”

መጥረጊያቸውን አነሡ። “እናት እንደሆነች ለትልቁም ለትንሹም አንድ ናት። ልጄ፣ ቃልሽን ዛሬውኑ መልሺው፤ ባደረ ቁጥር ይከብድሻል” ብለው ወጡ። እኔ ሰርተፊኬት ያለኝ ሰው ጠራጊ መከረችኝ ብዬ ቀኑን ሙሉ ተኮሳትሬ ዋልኩ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ትጋት ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ልጅ ላይ አላየሁም። ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ትመጣለች፤ መጠቆሚያዋን ስንደዶ ይዛ ገበታው ሥር ትቆማለች። ልጆች ጸ እና ፀ ላይ ይሰናከላሉ፤ እሷ “ይቺ እግር አላት፣ ያቺ ክብ ናት” እያለች ለራሷ መለያ አበጀች። ቤት ስትገባ ለዶሮዎቹ ትቆጥርላቸዋለች አሉ። ሚያዝያ ላይ እስከ ፈ ደረሰች። አቶ ወርቅነህ ክፍሌ ብቅ እያሉ “ወይዘሪት ደብሪቱ፣ ይቺን ልጅ ያዢያት” ይሉኝ ጀመር። እኔም ያዝኳት፤ ከእማሆይ ፊት ደግሞ መሸሽ ጀመርኩ።

ኢንስፔክተሩ የመጡ ዕለት ማንጠግቦሽ ሹሩባ ተሠርታ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ መጣች። ለእንግዳው ብለው ያለበሷት መስሎኝ ነበር። ለካ “እማዬ ስትመጣ ቆሽሼ እንዳታየኝ” ብላ ሴት አያቷን ሌሊቱን እንቅልፍ ነስታቸው ያደረችው እሷ ናት። ወላጅ፣ ዳኛ፣ ካህን ግቢው ውስጥ ተሰብስቧል። ከሀ ጀመረች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ አትሮጥም፣ አትዘገይም። “ፐ ፑ ፒ ፓ ፔ ፕ ፖ” ብላ ስትጨርስ ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። ኢንስፔክተሩ እጃቸውን ራሷ ላይ አደረጉ፤ እኔ በቀኝ፣ አቶ ወርቅነህ በግራ ቆምን፤ ፎቶ አንሺው አነሣን። በመስታወት አስገጥመው የሰጡኝ ይህን ነው። ሦስታችንም ካሜራውን እናያለን። እሷ ብቻ ፊቷን አዙራ የግቢውን በር ታያለች።

እንግዶቹ ለምሳ አቶ ወርቅነህ ቤት ገቡ። እኔም ተጠርቼ ነበር፤ ሄድኩ፣ በላሁም። ስመለስ በሩ ሥር ተቀምጣለች፤ ዳቦው በነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሯል። እማሆይ ጎኗ ሆነው ይፈትላሉ።

“እትዬ፣ ጨረስኩ እኮ” አለችኝ።

“አዎ፣ ጎበዝ።”

“እማዬስ?”

እማሆይ እንዝርቱን አቁመው ቀና ብለው አዩኝ። እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። እኔ ግን “መንገድ ላይ ናት” አልኩ።

ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠበቀች። በማግስቱ ክፍል ሳልገባ መንገድ ላይ አገኘችኝ። “እትዬ፣ ጰን ዘልዬያት ነው። ጰን ስለዘለልኩ ነው እማዬ የቀረችው” አለች። አልዘለልሽም ብላት አላመነችኝም። በሩ ሥር ቆማ ከሀ ጀመረች። ስትጨርስ መንገዱን አየች። እንደገና ጀመረች። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። አንዳንዴ ፈጥና ትቆጥረዋለች፣ አንዳንዴ እያንዳንዱን ፊደል በጣቷ አየር ላይ እየነካች። በአራተኛው ቀን ዝም አለች። ስሟን ስጠራ አቤት አትልም፤ ገበታው ሥር ባቆማት አፏን አትከፍትም።

አቶ ወርቅነህ ዘንድ ሄድኩ። “ልጅ ነች፤ ክረምቱ ሲያልፍ ትረሳዋለች። ደግሞ ምስጋናው እየተጻፈልሽ ባለበት ሰዓት ነገር አትቆስቁሺ” አሉኝ። ግራዝማች ዘንድ ሄድኩ። “ለሕፃን መርዶ ይነገራል? የት ሀገር ታየ!” ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። እማሆይ ዘንድ የሄድኩት መጨረሻ ላይ ነው፤ መጀመሪያ መሄድ ሲገባኝ።

“እኔ እነግራታለሁ። አንቺም ነይ፤ ስትሰማ እንድታይሽ” አሉኝ።

የግራዝማችን ሚስት፣ ሴት አያቷን፣ በጓሮ በኩል አነጋገሯቸው። ሴትዮዋ ከል በገባው ነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው “ውሰዷት፣ እኔም መዋሸቱ ገደለኝ” አሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሲበተን ሦስታችን በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወደ መቃብሩ ሄድን። ድንጋይ የተከመረበት ትንሽ ጉብታ ነው። እማሆይ እንደ ልማዳቸው ጎኗ ቁጭ አሉ።

“ማንጠግቦሽ፣ እናትሽ ሞታለች። ጠበል አልሄደችም። የተቀበረችው እዚህ ነው። አትመጣም።”

ልጅቷ ድንጋዮቹን አየች። ከዚያ ከስንት ቀን ዝምታ በኋላ የመጀመሪያውን ቃል ተናገረች።

“ፊደሉን ተሳስቼ ነው?”

“አልተሳሳትሽም። አንድም አልሳትሽ። የዋሸንሽ እኛ ነን” አሉ እማሆይ።

እኛ አሉ! እሳቸው አንድ ቀን እንኳ ዋሽተዋት አያውቁም። ማንጠግቦሽ ከነጠላዋ ጫፍ ዳቦውን ፈታችና ድንጋዩ ላይ አኖረችው። ከዚያ አለቀሰች፤ ከመጣች ጀምሮ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። እማሆይ አታልቅሺ አላሏትም። እኔን ዞራ አላየችኝም፤ ስንመለስም የያዘችው የእማሆይን እጅ ነው። መንገድ ላይ እማሆይ ቀስ ብለው “አሁን የት እንዳለች ታውቃለች፤ ከእንግዲህ በሩን አታይም” አሉኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ግራዝማች ሰሙ። መነኩሲት ተብላ ለሕፃን ታሟርታለች ብለው ጮኹ። አቶ ወርቅነህ እማሆይን በአንድ መስመር ደብዳቤ አሰናበቱ። ልጅቷን ወደ ደብረ ወርቅ፣ አክስቷ ዘንድ ላኳት። ለእኔ ደግሞ የምስጋና ደብዳቤና ወደ ሞጣ ዝውውር መጣልኝ፤ ትልቅ ክፍል ነው፣ ዕድገት ነው ተባለ። የዋሸችው ተመስግና፣ እውነቱን የተናገሩት ተባረሩ። እኔስ ምን አልኩ? ምንም አላልኩም። “ቃል የገባሁላት እኔ ነኝ፣ እማሆይ የእኔን ጥፋት ነው ያነሡት” የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረች። ያቺን ሳልናገር ደብዳቤዬን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

እማሆይን ልሰናበት ስሄድ ዕቃቸው አንድ ከረጢት ነበር። ይቅር ይበሉኝ ስላቸው “እኔን ምን አደረግሽኝ? እሷን ነው እንጂ” አሉ። ከዚያ ከረጢቱን ፈትተው አንድ እፍኝ ጥጥ ሰጡኝ። “ሥራሽን እንዳትተዪ። ሌላ ልጅ ይመጣል” አሉኝ። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላገኘኋቸውም።

ሞጣ ላይ መጀመሪያ የገዛሁት እንዝርት ነው። ጥጡን በቅርጫት አድርጌ ክፍሉ ጥግ አስቀመጥኩ። የሞጣው ዳይሬክተር አቶ ባዬ ቀልድ የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ አንድ ጠዋት ገብተው አምስት ልጅ ጥጥ ሲለቅም አዩና “ወይዘሪት፣ ይሄ የፊደል ክፍል ነው የሸማኔ ቤት?” አሉኝ። “ሁለቱም ነው” አልኳቸው። ሳቁ። የሳቁት ግን ሙሉቀን እስኪመጣ ነው።

ሙሉቀን ልጅ ይነክስ ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ ማንም አጠገቡ ቢቀመጥ ክንዱን ይነክሰዋል። አባቱ ወደ አባይ በረሃ ለእርሻ ወርዶ በወባ ንዳድ ሞቷል፤ እዚያው ተቀብሯል። ለልጁ የተነገረው “ሰሊጥ ይዞልህ ይመጣል” ተብሎ ነው። ቢቸና ያጠፋሁትን በእማሆይ አፍ ነበር ያስተካከልኩት፤ አሁን እማሆይ የሉም። ደግሞ አንድ ነገር ገብቶኛል፤ ይህን ነገር ልጁ ከሰው ሳይሆን ከራሱ ሰው አፍ ነው መስማት ያለበት። እናቱ ቤት ሄድኩ።

“ምኑን ልንገረው? አፌስ መች ይታዘዝልኛል!” አለችኝ።

“አንቺ ትነግሪዋለሽ፤ እኔ አጠገብሽ ቁጭ እላለሁ።”

ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በሦስተኛው ልጇን ይዛ አብረን የአባይ ገደል ከሚታይበት ጫፍ ድረስ ሄድን። መቃብሩን ማሳየት ባንችል አቅጣጫውን እናሳየው ብዬ ነው። እናትዬዋ እጇን ወደ ታች ዘርግታ ነገረችው። ድምፅዋ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ፤ እኔ አልሞላሁላትም፣ እስክትጨርስ ጠበቅሁ። ሙሉቀን ቁልቁል አየና “ይሞቀዋል?” አለ።

“አይሞቀውም፣ ልጄ። የሞተ አይሞቀውም” አለች። ማንም አላስተማራትም።

ንክሻው ወዲያው አልተወውም፤ ውሸት አልጽፍም። ክረምት እስኪገባ ሁለት ልጅ ነክሷል። ግን ከነከሰ በኋላ ራሱ መጥቶ ጥጡ ቅርጫት አጠገብ ይቀመጥ ጀመር። የልጁ አጎት ለአቶ ባዬ ከሰሰኝና “ከተመደበችበት ሥራ ውጭ በሰው ቤተሰብ ጉዳይ ገብታለች” የሚል ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ። ባልደረቦቼ በመስታወት ማስገጠም ካማራቸው ያን ደብዳቤ ነበር ማስገጠም የነበረባቸው። በዚያ ዘመን ሠራሁ የምለው ነገር ቢኖር የተጻፈው እሱ ላይ ነው።

ጃንሆይ ወረዱ፤ ዳይሬክተር ተቀያየረ፤ የክፍሉ ወለል ሲሚንቶ ሆነ። “ልጅ ምን ያውቃል” ግን ከዙፋኑ አልወረደም። እኔም ከወላጅ፣ ከዳይሬክተር፣ ከካድሬ ስጣላበት ኖርኩ። ባለሙያ ሆነሽ ነው ወይ የሚሉኝ ነበሩ። ባለሙያዋን በአንድ መስመር ደብዳቤ እንዳባረርናት ለማንም አልተናገርኩም፤ ዛሬ መናገሬ ነው።

ጃንሆይ ከወረዱ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ መስከረም ላይ፣ ሞጣ ምዝገባ ተቀምጫለሁ። አንዲት ወጣት ሴት ትንሽ ልጅ በእጇ ይዛ ፊቴ ቆመች። የልጅቷን ስም ጻፍኩ። የእናት ስም ማን ልበል ብዬ ቀና ስል “ማንጠግቦሽ” አለች። እስክሪብቶዬ ቆመ።

“እትዬ ደብሪቱ፣ አውቄዎት ነው የመጣሁ” አለችኝ።

ድምፅዋ ያው ቀጭኑ ነው። ከዚያ ከመቃብሩ ወዲህ ለእኔ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

“የልጅቱ አባት ሞቷል” አለች። “ነግሬያታለሁ። የት እንደተቀበረም ወስጄ አሳይቻታለሁ።”

“እግዜር ያጽናሽ። ማንጠግቦሽ፣ እኔ ያኔ…”

“ይተዉት። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርዎ። ፊደሉን ስትጨርስ ጎበዝ ይበሏት። ሌላ ቃል እንዳይገቡላት።”

ልጅቷን ትታልኝ ሄደች። ልጅቷ በመጀመሪያው ቀን ትንሽ አለቀሰች፤ ጎኗ ተቀምጬ ፈተልኩ። እንደ እናቷ አልቸኮለችም፤ ፊደሉን ለመጨረስ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ነበር የቀራት። አንድ ጠዋት ገበታው ሥር ቆማ ከሀ ጀምራ ፖ ብላ ጨረሰች።

“ጎበዝ” አልኳት።

በሩን አላየችም። ስንደዶውን መለሰችልኝና ወደ ጨዋታዋ ሮጠች።